«አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ»፦ በበደል ላይ ንቀት ሲታከል በእንግሊዝኛ እንዴት ይነገራል?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መበደላቸው ሳያንስ ሲናቁ የሚያነሷት አንዲት አባባል አለች፤ «አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ»። በጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ፣ በፍርድ ቤት ክርክር፣ በኳስ ዘገባ፣ በደንበኞች አቤቱታ ውስጥ ትገኛለች። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ትርጉሟን በግምት ያውቃል፤ «ይባስ ብሎ» እንደ ማለት ነው ብሎ ያልፋታል። ግምቱ ባይከፋም የጎደለው ነገር አለ። «ይባስ ብሎ» ስንል የነገሩን መባባስ እንናገራለን፤ ይህች አባባል ግን የሰው ክብር መነካቱን ትናገራለች። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር የሚኖር፣ በእንግሊዝኛ ለመሥሪያ ቤት የሚጽፍ ወይም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ይህን ልዩነት ቢይዝ አቤቱታው ይሰማለታል፤ ትርጉሙም ይቃናለታል። ከዚህ በታች አባባሏን ከመረዳት ጀምሮ እስከ መጻፍ፣ መናገርና መተርጎም ድረስ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ቃላት በትክክለኛ ፍቺያቸው ያዙ

«ኢንጀሪ» የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሆስፒታልና ከኳስ ሜዳ ነው፤ ቁስል፣ ስብራት፣ ወለምታ። በዚህ አባባል ውስጥ ግን ቃሉ የሚያገለግለው በጥንተ ፍቺው ነው። የመጣው ከላቲኑ «ኢንዩሪያ» ሲሆን የላቲኑ ትርጉም ከሕግና ከመብት ውጪ የተፈጸመ ድርጊት ማለት ነው። ሕግ የተማረ ሰው ይህን አይስተውም፤ በእንግሊዝኛ የሕግ መጻሕፍት ዛሬም «ኢንጀሪ» የመብት መጣስ ማለት ነውና። ስለዚህ በአማርኛ የሚቀርበው «በደል» ነው። የሠሩበትን ደመወዝ መከልከል፣ ያለ አግባብ ከሥራ መባረር፣ ውል መፍረስ፣ ንብረት መቀማት፣ ሁሉም «ኢንጀሪ» ይባላሉ፤ ደም መፍሰሱ ግድ አይደለም።

«ኢንሰልት»ም ስድብ ብቻ አይደለም። አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣ ሰው ሊዋረድ ይችላል። ገንዘባችሁን የወሰደ ሰው አመስግኑኝ ቢላችሁ አልሰደባችሁም፤ ነገር ግን ከስድብ የባሰ ንቀት አሳይቷችኋል። ንቀት፣ ማዋረድ፣ ክብር መንካት በሚሉት ተረዱት።

የሕክምና ተማሪዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በሕክምና እንግሊዝኛ «ኢንሰልት» በሰውነት ሕዋስ ላይ የሚደርስ ጉዳት ማለት ሆኖ ይጻፋል፤ ለምሳሌ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ሲቋረጥ የሚፈጠረው ጉዳት በዚህ ስም ይጠራል። በዚያ ሙያ ሁለቱ ቃላት ጎረቤታሞች ናቸው። ያንን ፍቺ ወደዚህ አባባል ካመጣችሁት «በጉዳት ላይ ጉዳት» ይሆንና የአባባሏ ጥርስ ይረግፋል።

ሐሳቡ ራሱ እጅግ ጥንታዊ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥንቱን ግሪካዊ ተረተኛ የኤዞፕን ዓይነት ተረቶች በላቲን ግጥም የጻፈው ሮማዊው ፋይድሮስ ስለ ራሰ በራ ሰውና ስለ ዝንብ የተረከው ተረት አለው። ዝንቧ በሰውየው መላጣ ላይ አርፋ ትነክሰዋለች። ሊገድላት እጁን ሲሰነዝር ዝንቧ ታመልጥና የገዛ ራሱን በጥፊ ያጮለዋል። ዝንቧም ታላግጥበታለች፤ ለአንዲት ትንሽ ፍጥረት ንክሻ ሞት ልትፈርድ ተነሣህ፣ በበደሉ ላይ ውርደት የጨመረውን ራስህንስ ምን ልትፈርድበት ነው ትለዋለች። የሰውየው መልስ ነው የሚገርመኝ። ከራሴ ጋር መታረቅ አይከብደኝም፤ ልጎዳ አስቤ እንዳልመታሁ አውቃለሁ፤ አንቺን ግን የሰው ደም መጠጣት የሚያስደስትሽን፣ ከዚህ የበለጠ ሕመም ከፍዬም ቢሆን ብገድልሽ እወድ ነበር ይላታል። የመታው እጅ የራሱ ነው፤ የተመታውም ራሱ ነው። በመካከሉ ንቀት ስለሌለ ጥፊው አላስቆጣውም። ያስቆጣው ደሙን ጠጥታ መልሳ የምትሳለቀው ዝንብ ናት።

ሮማውያን ስለዚህ ጉዳይ ተረት ብቻ አልነበራቸውም። አሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች በሚባለው ጥንታዊ ሕጋቸው ሰውን ያለ አግባብ የመታ 25 የመዳብ ሳንቲም ይቀጣ ነበር። ዘመናት አልፈው ገንዘቡ ዋጋ ሲያጣ ሉሲየስ ቬራቲየስ የሚባል ባለጸጋ ያገኘውን ነፃ ሰው ሁሉ በጥፊ እየመታ ያልፍ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ከኋላው ከረጢት የተሸከመ አገልጋይ ይከተላል። ጌታው በመታ ቁጥር አገልጋዩ 25 ሳንቲም ቆጥሮ ለተመታው ሰው ያስጨብጣል። ጥፊው በደል ነው፤ ሳንቲሙ ንቀት ነው። በዚህ ምክንያት የሮም ዳኞች ያንን የተቆረጠ ቅጣት ትተው ካሳውን እንደ በደሉ ክብደት የሚገምቱ ሰዎች መሾም ጀመሩ ይባላል። አባባሏን ለማስታወስ ከዚህ ከረጢት የተሻለ ምስል አላገኘሁም።

ደረጃ 2፦ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ

አባባሏን ከመጠቀማችሁ በፊት የያዛችሁትን ጉዳይ ፈትኑት። መጀመሪያ፣ ሁለት ድርጊት አለ ወይ? አንድ በደል ብቻ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን፣ አባባሏ አትገባም። ቀጥሎ፣ ሁለተኛው የመጣው ከመጀመሪያው በኋላ ወይም ከእርሱ ጋር ተያይዞ ነው ወይ? በመጨረሻም፣ ሁለተኛው ክብር ይነካል ወይ? ዋናው ይህ ሦስተኛው ነው።

በታሪክ ላይ እንሞክረው። ሄይቲ በባርነት የተያዙ ሰዎች ታግለው ነፃ ያወጧት አገር ናት፤ ነፃነቷን ያወጀችው በ1804 ነው። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 10ኛ የጦር መርከቦች ልኮ፣ ነፃነታችሁን የምንቀበለው የቀድሞ ባለርስቶች ላጡት ንብረት 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ስትከፍሉ ነው አለ። ከተጠየቀበት «ንብረት» ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩበት። በ1838 ገንዘቡ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ሄይቲ ለመክፈል ከፈረንሳይ ባንኮች ተበደረች፤ የዕዳው ሰንሰለት እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተጎተተ። ፈትኑት። ሁለት ድርጊት አለ፤ ባርነቱና የካሳው ጥያቄ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተወልዷል። ክብርስ? በባርነት የተገዛን ሰው ስለ ራሱ ነፃ መውጣት ክፈል ማለት ሰው አልነበርክም እንደ ማለት ነው። አባባሏ እዚህ ሙሉ በሙሉ ትገባለች።

ለእኛ የሚቀርበውን እንውሰድ። የእንግሊዝ ጦር በ1868 መቅደላን ሰብሮ ዘውድ፣ ጽዋ፣ የብራና መጻሕፍት ዘርፎ ሄደ። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር ቅርሶቹ በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ እንደሚችሉ ተናገሩ። ሐሳቡ በቅንነት የቀረበ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተዘረፈን ሰው የራስህን ዕቃ ላውስህ ማለት ምን ዓይነት ስሜት እንደሚፈጥር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህን በእንግሊዝኛ የሚከራከር ሰው አባባሏን ያለ ስጋት ሊጠቀም ይችላል። በ2012 በጣሊያን አፊሌ በምትባል ከተማ ለሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራም እንዲሁ ነው። የየካቲት 12 እልቂት በደሉ ነው፤ ለአዛዡ መታሰቢያ ማቆም ንቀቱ ነው።

አሁን የማትገባበትን እንይ። የአንድ ገበሬ ማሳ በበረዶ ተመታ፤ የተረፈውን አንበጣ በላው። ሁለት መከራ ነው፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ መጥቷል፤ ግን ማንም ገበሬውን አልናቀውም። አንበጣ ንቀት አያውቅም። ለዚህ «ቱ ሜክ ማተርስ ወርስ» (ይባስ ብሎ) የሚለው ይበቃል።

እውነት ለመናገር ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ሦስተኛ ጥያቄ ይዘሉታል። መኪናዬ ተሰረቀ፣ «ቱ አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ» ደግሞ ዝናብ ጣለ ሲሉ ትሰማላችሁ። ዕድል ራሱ ያላገጠብኝ ያህል ነው ለማለት ነው፤ ስሕተት ነው ብላችሁ አትሟገቱ፣ የተለመደ አነጋገር ነው። በራሳችሁ ጽሑፍ ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ብትይዙት እመክራለሁ። ለዝናብም ለንቀትም አንድ ቃል የሚጠቀም ሰው፣ ንቀት በደረሰበት ቀን የሚናገርበት ቃል ያጣል።

ደረጃ 3፦ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቧት

የተለመዱት አቀማመጦች አራት ናቸው። ሻንጣውን አየር መንገድ ያጠፋበትን፣ ሲገኝም የማስቀመጫ ሒሳብ የተጠየቀን መንገደኛ እንደ ምሳሌ እንያዝ።

በጣም የተለመደው አባባሏን በሁለቱ ድርጊቶች መካከል፣ በሁለት ነጠላ ሰረዝ ከልሎ ማስገባት ነው፤ «ዜይ ሎስት ማይ ባግ ኤንድ፣ ቱ አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ፣ ቻርጅድ ሚ ፎር ስቶሪንግ ኢት»። ሻንጣዬን አጠፉ፤ ያ ሳያንሳቸው የማስቀመጫ አስከፈሉኝ ማለት ነው። መጀመሪያ በደሉ፣ ቀጥሎ አባባሏ፣ ከዚያ ንቀቱ፤ ይህን ቅደም ተከተል አትልቀቁ። አባባሏ ከሁለተኛው ድርጊት በፊት ስትመጣ አድማጩ ጆሮውን ያቀናል።

ሁለተኛው አድራጊውን በስሙ መጥራት ነው፤ «ዜይ አዲድ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ ባይ ቻርጂንግ ሚ»። «ባይ» ተከትሎት በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ይመጣል። ይህ ከሁሉ የጠነከረው ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ በግልጽ ይናገራልና። ሦስተኛው ድርጊቱን ራሱን ባለቤት ያደርጋል፤ «ዚስ ኦንሊ አድስ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ»፣ ይህ በበደሉ ላይ ንቀት መጨመር ብቻ ነው። የተሰጣችሁን የማይረባ ማካካሻ ስትመልሱ የምትጽፉት ይህንን ነው። አራተኛው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «አዲንግ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ» ብሎ ማሰር ሲሆን በዜና ጽሑፍ ላይ ይበዛል።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ምክንያታቸውም አማርኛው ራሱ ነው። እኛ «በበደል ላይ ንቀት» ስለምንል በደሉ ይቀድማል፤ እንግሊዝኛው ግን ንቀቱን አስቀድሞ «ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ» ይላል። አገላብጦ «ኢንጀሪ ቱ ኢንሰልት» ማለት ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ተሰድቦ ቀጥሎ በእውነት የተጎዳን ሰው ለመግለጽ ጸሐፊዎች ሆን ብለው ያገላብጡታል፤ ሳታስቡት ካደረጋችሁት ግን ተሳስታችኋል ይባላል። እንደገናም «ላይ» የሚለው ቃላችን «ኦን» እንድንል ይገፋፋናል። «ኦን» አይደለም፤ «ቱ» ነው። በተጨማሪም ከሁለቱም ስሞች በፊት «አን» ወይም «ዘ» አይገባም፤ ብዙ ቁጥርም አይሆኑም። ስድቦቹ አሥር ቢሆኑም «ኢንሰልት» ነጠላ ሆኖ ይቀራል። እንደ ጊዜው የሚለዋወጠው «አድ» የሚለው ግስ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ አንደበታችሁን አለማምዱ

«ኢንሰልት» ስም ሲሆን ድምፁ የሚጎላው በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ «ኢን» ላይ። ግስ ሲሆን ጉልበቱ ወደ «ሰልት» ይሸጋገራል። በአባባሏ ውስጥ ስም ነውና «ኢን»ን አጉሉ። «ኢንጀሪ»ም በ«ኢን» ይጎላል፤ ብዙዎቻችን እንደ ለመድነው «ጁ» ላይ አታስረዝሙ። «ኢንሰልት» እና «ቱ» ሲገናኙ ሁለቱ «ት»ዎች ለየብቻ አይነገሩም፤ በአማርኛ ጠብቆ እንደሚነበብ ፊደል አንድ ይሆናሉ። ምላሳችን ማጥበቅ የለመደ ስለሆነ በዚህ ከብዙ የውጭ አገር ተማሪዎች ይቀለናል። ሁለቱን «ኢን»ዎች እኩል እያጎላችሁ ጥቂት ጊዜ ደጋግሙት፤ አባባሏ የራሷ ምት አላት።

ደረጃ 5፦ ከጎረቤቶቿ ለዩዋት

እንግሊዝኛ ስለ ጉዳት የሚናገርባቸው አባባሎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ነገሩ ይዛባል።

በጣም የምትቀርባት «ረብ ሶልት ኢን ዘ ውንድ» ናት፤ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ። እኛም የምንለው ስለሆነ አትጠፋንም። ልዩነቷ ግን ስስ ነው። ጨው የሚነሰነሰው በዚያው በቆየው ቁስል ላይ ነው፤ ሰውየው የሚያመውን ነገር እያወቁ መልሶ መነካካት። ፈተና ለወደቀ ተማሪ ያለፉትን ጓደኞቹን ስም ዝርዝር ማንበብ ጨው ነው። ለወደቀበት ፈተና የእርማት ክፍያ ጨምር ማለት ግን አዲስ ድርጊት ነው፤ አዲስ ንቀት ነው፤ ያኔ «ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ» ትመጣለች። ሌላው ልዩነት የጨው ነስናሹ አድራጊ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሊሆን መቻሉ ነው፤ «ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ» የምትበረታው ግን የበደለውና የናቀው አንድ ሲሆኑ ነው።

የወደቀን ሰው መምታት «ኪክ ሰምዋን ዌን ዜይ አር ዳውን» ነው። ሊረዳ ብሎ የጎዳን «ሞር ሃርም ዛን ጉድ» ይገልጸዋል፤ እዚያ ንቀት የለም፣ ሐሳቡ ቅን ነው። በገዛ ድርጊቱ ራሱን የጎዳን ሰው «ሾት ሂምሰልፍ ኢን ዘ ፉት» ይሉታል። ትዕግሥት የሚያልቅባት የመጨረሻዋ ነገር ደግሞ «ዘ ላስት ስትሮው» ናት፤ እርሷ የምትናገረው ስለ ተበዳዩ ትዕግሥት ነው፣ «ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ» ግን ስለ በዳዩ ድፍረት።

ደረጃ 6፦ በአቤቱታ ደብዳቤ ውስጥ ቦታዋን ስጧት

ይህን ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ በጥንቃቄ አንብቡት። በባዕድ ቋንቋ አቤት ማለት ከባድ ነው፤ የተበደለ ሰው ደግሞ ቁጣው ይቀድመውና ደብዳቤውን በአባባል ይጀምራል። የሚያነበው ሠራተኛ በዚያች ቅጽበት ሊከላከል ይዘጋጃል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን እውነት በሙሉ ልብ አያነበውም።

እንዲህ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ የሻንጣ ደረሰኝ ቁጥር፤ ሻንጣው መቼ እንደ ጠፋና መቼ እንደ ተገኘ። ስሜት የሚገልጽ ቃል አታስገቡ። በሁለተኛው አንቀጽ ሻንጣውን ልትወስዱ ስትሄዱ የሆነውን ጻፉ፤ ማን በየትኛው መስኮት ምን ያህል ገንዘብ እንደ ጠየቃችሁ፣ ደረሰኝ ተሰጥቷችሁ እንደሆነ። አንባቢው አሁን ሁለቱን ድርጊቶች ጎን ለጎን አይቷል። በዚህ ጊዜ፣ በሁለተኛው አንቀጽ መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉት፤ «ቻርጂንግ ሚ ፎር ዩር ኦውን ሚስቴክ አድስ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ»። ስለ ራሳችሁ ስሕተት እኔን ማስከፈል በበደሉ ላይ ንቀት መጨመር ነው ማለት ነው። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ጥያቄያችሁ ሂዱ፤ ይህን ያህል ገንዘብ እንዲመለስ፣ ስለ ሻንጣው መጥፋት እንድካስ፣ እስከዚህ ቀን መልስ እንዲሰጠኝ።

አባባሏ በዚህ ቦታ የምትሠራው ሥራ አለ። አንባቢው ሁለት ጥፋት እንዳለ ይረዳል፤ ካሳው ለመጀመሪያው፣ ይቅርታው ለሁለተኛው መሆን እንዳለበትም ይገባዋል። ደብዳቤው ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከደገማችኋት ግን ጉልበቷ ያልቃል።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ኢሚግሬሽን ወይም ወደ ፖሊስ የሚሄድ ቃል ከሆነ አባባሏን ተዉአት። እዚያ የሚፈለገው ምን እንደተደረገ፣ መቼና በማን የሚለው ነው። በአባባል የተጠቀለለ በደል ለመዝጋቢው አንድ ድርጊት ይመስለዋል፤ እናንተ ግን ሁለት ነው የደረሰባችሁ። ሁለቱንም ለየብቻ፣ በተራ ቃል ተናገሩ። አስተርጓሚ ሆናችሁ የምትሠሩም ተናጋሪው «ያ ሳያንስ» ሲል የቀጠለውን ድርጊት ሳትሸራርፉ አድርሱለት፤ አባባል ፍለጋ አትዘግዩ።

ደረጃ 7፦ ዝም የምትሉበትን ቦታ እወቁ

ሐዘን ቤት አባባሏን አታንሱ። ዘመዱ የሞተበት ሰው የቀብር ወጪው ከብዶት ቢያማርር እንኳ፣ ከአፋችሁ ስትወጣ ሞቱን ከሒሳብ ጋር ያስተካከላችሁ ትመስላለች። በእውነት የቆሰለ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ፊትም አትመችም፤ «ኢንጀሪ» የሚለው ቃል ድርብ ፍቺ ስላለው እየቀለዳችሁ መሆኑን ይጠረጥራሉ። የስፖርት ጋዜጠኞች ተሸንፎ ተጫዋች በጉዳት ላጣ ቡድን ሆን ብለው በዚህ ይጫወታሉ፤ ለጋዜጣ ርእስ ይሆናል፣ ለሕመምተኛ አልጋ ግን አይሆንም።

በሥራ ቦታ ስለ አለቃ ስትናገሩም አስቡበት። አባባሏ ክስ ናት። ተሳስተዋል ከማለት አልፋ ንቀውኛል ትላለች። ንቀቱን ማስረዳት ካልቻላችሁ በ«ቱ ሜክ ማተርስ ወርስ» እለፉት።

ደረጃ 8፦ ወደ አማርኛ መልሷት

«በጉዳት ላይ ስድብ ጨመረ» የሚለው ትርጉም በዜናዎቻችን ይታያል፤ እባካችሁ እንተወው። ጉዳቱም ስድቡም አባባሏ ውስጥ የሉም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ብዙዎች እንደ አቻ ያቀርቡታል፤ ግሩም ተረት ነው፣ ግን በሽታ በበሽታ ላይ መደረቡን ነው የሚናገረው። እንቅርትም ጆሮ ደግፍም ሰውን አይንቁም። «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ»ም እንዲሁ። ሁለቱም ለገበሬው በረዶና አንበጣ ይስማማሉ፤ በዳይና ተበዳይ ባለበት ቦታ ግን በዳዩን ይደብቁታል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያለው ታላቅ መሣሪያ «ሳያንስ» ነው። «ደመወዟን መከልከላቸው ሳያንስ ጠፋች ብለው ከሰሷት።» በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የኖሩ እህቶቻችን ብዙዎቹ ይህን ዓረፍተ ነገር ከራሳቸው ሕይወት ያውቁታል። እንግሊዝኛው «አዲንግ ኢንሰልት ቱ ኢንጀሪ» ብሎ ለመናገር የሚደክምበትን ነገር «ሳያንስ» በአንድ ቃል ይሸከመዋል፤ መጀመሪያ የነበረው በቂ በደል እንደ ነበር ይናገራል፣ የተጨመረውንም ከፊቱ ያቆመዋል። «አልበቃ ብሎ» እና «አልበቃቸው ብሎ» ትንሽ ቁጣ ይጨምራሉ፤ ለንግግርና ለርእሰ አንቀጽ ይመቻሉ። ንቀቱ በራሱ ከድርጊቱ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ግልጹን ጻፉት፤ «መቀማታቸው ሳያንስ ናቁን»። ተርጓሚ ስትሆኑ አባባል በአባባል ለመተካት አትጨነቁ፤ በዳዩ ማን እንደሆነና ክብር እንደተነካ አንባቢው ከተረዳ ሥራችሁን ሠርታችኋል።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱም ይኸው መንገድ ያገለግላል። ጽሑፉ ውስጥ «ሳያንስ» ስታገኙ ቁሙና ሦስተኛውን ጥያቄ ጠይቁ። «ድካሙ ሳያንስ ራበው» ቢል ንቀት የለበትምና «ኦን ቶፕ ኦቭ» (በዚያ ላይ) ይበቃል። «ማባረራቸው ሳያንስ ሌባ አሉት» ቢል አባባሏን ሳትፈሩ ጻፉ።

ደረጃ 9፦ ለእናንተ ስትነገር

በሆቴል መቀበያ፣ በአየር መንገድ መስኮት፣ በስልክ አገልግሎት ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ቀን ደንበኛ ፊታችሁ ቆሞ ይህችን አባባል ይናገራል። ብዙ ሠራተኛ በደነገጠ ጊዜ ስለ መጀመሪያው ጥፋት ማብራሪያ ይሰጣል፤ ለምን ክፍሉ እንዳልተዘጋጀ፣ ለምን ሻንጣው እንደ ዘገየ። ደንበኛው ግን አሁን የሚያመው ሁለተኛው ነው። አስቀድማችሁ እርሱን አንሡ፤ «ዩ ሹድ ኖት ሃቭ ቢን ቻርጅድ ፎር ዛት፤ አይ አም ሶሪ»። ለዚያ ሊያስከፍሉዎት አይገባም ነበር፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገንዘቡን የመመለስ ሥልጣን ካላችሁ እዚያው መልሱ፤ ከሌላችሁ ሥልጣን ወዳለው ሰው ራሳችሁ ውሰዱት እንጂ ወደ ሌላ መስኮት ሂድ አትበሉት። ስለ ክፍሉና ስለ ሻንጣው የምታስረዱት ከዚያ በኋላ ነው።